«ፒክ አፕ» ሲሏችሁ ምኑን ነው የምታነሱት?

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሂሳብ ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ረቡዕ ማታ አለቃዬ በመስኮቱ ብቅ አለና «ካን ዩ ፒክ አፕ ሳተርዴይ?» አለኝ። ቶሎ በሆዴ ተረጎምኩት። ፒክ አፕ ማለት ማንሳት። ሳተርዴይ ቅዳሜ። ቅዳሜን ማንሳት ትችላለህ። አሃ! ቅዳሜን ከፕሮግራሜ ላይ እንዳነሳት ተፈቀደልኝ ማለት ነው። «የስ፣ ታንክ ዩ ቬሪ ማች» አልኩት። እሱ ደስ ብሎት ሄደ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቀረሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብሴን እንደተከናነብኩ ስልኬ ጮኸ። ዝም ስለው ደግሞ ጮኸ። አለቃዬ ነው። ለካ የጠየቀኝ የቀረ ሠራተኛ ነበርና የሱን ሺፍት ገብቼ እንድሠራለት ኖሯል። እኔ ደግሞ እሺ ማለት ብቻ ሳይሆን አመስግኜዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ይቺን ሁለት ቃል በየሄደችበት እየተከተልኩ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ዛሬ የማካፍላችሁ የትርጉም ዝርዝር አይደለም፤ ዝርዝሩን በቃል መያዝ እንደማይጠቅም በራሴ አይቼዋለሁ። የማሳያችሁ ስትሰሟት ትርጉሟን እንዴት እንደምታገኙት ነው። እንግሊዝኛውንም በፊደላችን የምጽፈው በጆሮ የሚገባውን ስለምፈልግ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ግስ ላይ ትንሽ ቃል እየቀጠሉ ትርጉም መለወጥ የውጭ ሰውን እጅግ እንደሚያስቸግር ጽፏል። እንግሊዞቹ ራሳቸው ካመኑት እኛ ምን እናፍራለን?

አንደኛ፦ መጀመሪያ «አነሳ»ን ፈትሹ

አንድ ወረቀት ውሰዱና በአማርኛ «አነሳ» የምትሉባቸውን ቦታዎች ጻፉ። ድንጋይ አነሳ። ስልክ አነሳ። ፎቶ አነሳ። ጥያቄ አነሳ። ስሙን አነሳ። ገበታ አነሳ። ክርስትና አነሳ። ከሥልጣን አነሱት። እጁን አነሳበት። አምስት ደቂቃ ብትቀመጡ ገጹ ይሞላል።

ማንም አስተማሪ «አነሳ ይሄን ያህል ትርጉም አለው» ብሎ አላስጠናንም። «እገሌ ለልጄ ክርስትና አነሳልኝ» ስንባል ስለ ጡንቻ አናስብም። ትርጉሙን የሚነግረን ከጎኑ ያለው ቃል ነው። ስልክ፣ ፎቶ፣ ክርስትና። ፒክ አፕም የምትሠራው እንዲሁ ነው።

ችግሩ ሁለቱ ቃላት ግማሽ መንገድ አብረው ሄደው መለያየታቸው ነው። ድንጋይ፣ ስልክና ተሳፋሪ ማንሳት ላይ ይገናኛሉ። ፎቶ ላይ ይለያያሉ፤ እንግሊዝኛው «ቴክ» ነው። ጥያቄና ስም ማንሳት ላይም እንደዚሁ፤ እዚያ የሚገባው «ብሪንግ አፕ» ነው። ስብሰባ ላይ «ሂ ፒክድ አፕ ኤ ክዌስችን» ብትሉ ሰዎቹ ጥያቄውን ከመሬት ያገኘው ይመስላቸዋል።

ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። የኛ «አነሳ» ነገሩን ማስወገድም ይሆናል። ገበታ ሲነሳ ሳህኑ ይሄዳል። ሹም ሲነሳ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በፒክ አፕ ግን ነገሩ ወደ አንሺው ነው የሚመጣው። ሺፍቱ ወደ እናንተ፣ ሂሳቡ ወደ እናንተ፣ ጉንፋኑም ወደ እናንተ። እኔን ከአልጋዬ ላይ ያስጮኸኝ ይሄ አቅጣጫ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ የምትይዙ ከሆነ እሱን ያዙ።

ሁለተኛ፦ የሚነሳው ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ

ከፒክ አፕ ቀጥሎ ወይም በመሃሏ የገባውን ቃል አድምጡ። ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ሰው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የመኪና ነው። «አይል ፒክ ዩ አፕ አት ፋይቭ» ያላችሁ ሰው መጥቶ ሊወስዳችሁ ነው። ፋይቭ የተባለው በኛ አቆጣጠር አስራ አንድ ሰዓት መሆኑን አትርሱ፤ በፒክ አፕ ሳይሆን በሰዓቱ የተሳሳተ ሰው አውቃለሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ ወይም የአፕሊኬሽን መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ለነሱ ይሄ የእንጀራ ቃል ነው። ሰው መጫኑ ፒክ አፕ፣ ማውረዱ ድሮፕ ኦፍ። ኤርፖርትም ትምህርት ቤትም በር ላይ የምታዩት ይሄንኑ ጥንድ ነው።

አድራጊው ሲቀየር ግን ተጠንቀቁ። «ዘ ፖሊስ ፒክድ ሂም አፕ» ከተባለ ሰውየው የተሳፈረው ወዶ አይደለም። ፖሊስ ለቀመው እንደምንለው ነው፤ ተይዟል። «ሂ ፒክድ ኸር አፕ አት ኤ ባር» ከተባለ ደግሞ ጠበሳት ማለት ነው። ቃሉ አንድ፣ ቦታው ሌላ። ስለዚህ አንዲት የሥራ ባልደረባችሁን ዝናብ ሆኖ በመኪናችሁ ካደረሳችኋት፣ «አይ ፒክድ ኸር አፕ» ብላችሁ አታቁሙ። ከየት እንደሆነ ጨምሩበት፤ «ፍሮም ወርክ»። ወይም «አይ ጌቭ ኸር ኤ ራይድ» በሉና ተገላገሉ። በተለይ ባለቤታችሁ እንግሊዝኛ ከቻለች።

ዕቃ ከሆነ፣ በመንገድህ ገዝተህ ና ወይም ሄደህ ተረከብ ነው። «ካን ዩ ፒክ አፕ ሳም ሚልክ?» ሲሏችሁ ወተቱ ወለል ላይ ወድቆ አይደለም። ስትመጡ ሱቅ ጎራ በሉ ማለት ነው። ፋርማሲ ውስጥ ሁለት መስኮት ልታዩ ትችላላችሁ። «ድሮፕ ኦፍ» የሚለው የሐኪም ማዘዣ የሚሰጥበት፣ «ፒክ አፕ» የሚለው መድኃኒቱን የሚቀበሉበት ነው። በኢንተርኔት ያዘዛችሁት ዕቃ «ሬዲ ፎር ፒክ አፕ» የሚል መልእክት ከላከም ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። አያመጡላችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምትሄዱት። ይሄን ባለማወቅ ሦስት ቀን በር በሩን ያየሁ ሰው እዚሁ አለሁላችሁ።

ሺፍት ወይም ቀን ከሆነ፣ ታሪኩን ነግሬያችኋለሁ። ፒክ አፕ ያለ ይሠራል፤ ድሮፕ ያደረገ ይቀራል። ዘመዷ «ፒክ አፕ ዘ ስላክ» ናት። አንዱ ሲያጎድል የሱን ክፍተት መሸፈን ማለት ነው። አለቃ ይቺን ደጋግሞ ካነሳት አንድ የሰነፈ ሰው አለ ማለት ነው፤ እናንተ እንዳልሆናችሁ አረጋግጡ።

ሂሳብ ከሆነ፣ «አይል ፒክ አፕ ዘ ቼክ» ማለት እኔ እከፍላለሁ ነው። «ዘ ታብ» ቢልም ያው ነው። ሂሳቡን አቀብሉኝ እያለ ነው ብላችሁ ወረቀቱን አሳልፋችሁ ብትሰጡት አይፈረድባችሁም፤ ግን የገባችሁ ካልሆነ ቀጥሎ የራሳችሁን ድርሻ ስትቆጥሩ ታፍራላችሁ። ደግሞ እኛ «በሞቴ»፣ «እኔ እያለሁማ አይሆንም» እየተባባልን የምንታገላትን ትግል እዚያ ብዙ አያውቋትም። አንዴ «ኦ፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ» ካላችሁ ይበቃል። ሁለተኛ ሲል አመስግኑና ጨርሱ። ቀጣዩን እናንተ ክፈሉ።

ቋንቋ ወይም ሙያ ከሆነ፣ ሳይማሩ መልመድ ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ጥሩ ቃል አላት፤ ለቀመ። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ የመጣች እህት አረብኛውን ያገኘችው ከክፍል አይደለም። ከማድቤት፣ ከልጆቹ፣ ከቴሌቪዥኑ ነው። «ሺ ፒክድ አፕ አራቢክ» ማለት ይሄ ነው። በክፍያ ኮርስ ከወሰደችው «ለርንድ» ይባላል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ይሄን ልዩነት አስቡበት። የሂሳብ አያያዝ ሁለት ዓመት ተምራችሁ «አይ ፒክድ አፕ አካውንቲንግ» ካላችሁ ከሰው ትከሻ በላይ አይታችሁ የለመዳችሁት ይመስላል። ኮምፒውተር ግን በራሳችሁ ጥረት ከለመዳችሁ «አይ ፒክ ቲንግስ አፕ ፋስት» በሉ፤ ቀጣሪ የሚወዳት ዓረፍተ ነገር ናት።

በሽታ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በኛ ቋንቋ ያዡ ጉንፋን ነው፤ ጉንፋን ያዘኝ እንላለን። በእንግሊዝኛው አንሺው በሽተኛው ነው፤ «አይ ፒክድ አፕ ኤ ኮልድ»። አማርኛውን እንዳለ አዙራችሁ «ኤ ኮልድ ፒክድ ሚ አፕ» ብትሉ ጉንፋን መኪና ይዞ መጥቶ ከበራችሁ ወሰዳችሁ ማለት ይሆናል።

ሲግናል፣ ድምፅ፣ ሽታ ከሆነ መሣሪያው ወይም አፍንጫው ያዘ ማለት ነው። ሬድዮው ጣቢያውን ያዘ፣ ማይኩ የልጁን ለቅሶ ያዘ። ይሄ ብዙ አያስቸግርም።

ሦስተኛ፦ የሚነሳ ነገር ከሌለስ?

አንዳንዴ ትፈልጋላችሁ፣ ምንም የለም። «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩ ያልቃል። ማን ምን አነሳ? ማንም። እዚህ ላይ «ወደ አንሺው ይመጣል» ያልኳችሁ ነገር አይሠራም፤ ሌላ ሥዕል ያስፈልጋል። ነገሩ በራሱ ከወደቀበት ቀና አለ። ገበያው ደራ፣ ሥራው ተነቃቃ። «ዘ ዊንድ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ከሆነ ንፋሱ በረታ። ከዚህ ቤተሰብ የማትገባ አንዲት አለች፤ ስልክ። «ሺ ኢዝንት ፒኪንግ አፕ» አታነሳም ማለት ነው። ስልኩ ስለሚታወቅ ስሙን መጥራት አላስፈለገም። እኛም «አታነሳም» ብለን እንተወው የለ?

አራተኛ፦ «ኢት»ን የት ላድርጋት?

ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ የተናገረ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ሕጉ አጭር ነው። የዕቃው ስም ከተጠራ በመሃልም በመጨረሻም ይገባል። «ፒክ አፕ ዘ ፎን» ይባላል፤ «ፒክ ዘ ፎን አፕ»ም ይባላል። እንደ ኢት፣ ሂም፣ ኸር፣ ዜም ያለ ተውላጠ ስም ከሆነ ግን ቦታው መሃል ብቻ ነው። «ፒክ ኢት አፕ»። «ፒክ አፕ ኢት» የሚል የለም። በፍጹም።

እኔ ይሄን የያዝኩት በአማርኛ ነው። «አነሳሁት» በሉ። «ት»ዋ የት ናት? ግሱ ላይ ተጣብቃ። ለብቻዋ አትቆምም። እንግሊዝኛዋ «ኢት»ም ለብቻዋ ዳር ላይ መቆም አትወድም፤ ግሱን ተጠግታ መሃል ትገባለች። አነሳሁት፣ አነሳኋት፣ አነሳኋቸው። በአማርኛ ግሱ ላይ ብቻውን የሚጣበቅ ከሆነ በእንግሊዝኛ መሃል ይገባል። ተለማመዱት፦ አነሳሁት፣ አይ ፒክድ ኢት አፕ። አነሳኋት፣ አይ ፒክድ ኸር አፕ።

ስሙ ረዘም ካለ ደግሞ አትሰንጥቁ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን ሰማያዊ ሳጥን በመሃል አስገብታችሁ «አፕ» እስክትደርሱ አድማጩ ይረሳችኋል።

አሁን ወደ ጆሮ። አሜሪካኖች «ፒክ ኢት አፕ»ን ሦስት ቃል አድርገው አይሏትም። በአናባቢ መካከል ያለች «ት» በአፋቸው ወደኛ «ር» ትቀርባለች። ስለዚህ የምትሰሙት «ፒኪረፕ» ነው። «ፒክ ሂም አፕ» ደግሞ «ህ» ትጠፋና «ፒኪመፕ» ይሆናል። «ፒክ ኸር አፕ» በተመሳሳይ «ፒከረፕ»። አዎ፣ ፒኪረፕና ፒከረፕ። ሻንጣውን ላንሳ ወይስ ልጅቷን ላምጣ ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ጆሯችሁ ደህና ነው። እንዲህ አድርጉ፦ አንድ ሰው ሲናገር ስልካችሁ ላይ ቅረጹ፣ አስር ጊዜ ስሙ፣ አብራችሁ በሉ። የቃላቱን ድንበር መፈለግ ስትተዉ መስማት ትጀምራላችሁ።

አምስተኛ፦ ስም ስትሆን ተለዩዋት

የኛ «ፒካፕ» ከዚህ ነው የመጣው። ዕቃ ከያለበት አንስታ የምትጭን መኪና። ፎርድ ከፋብሪካው አካሏ ተገጥሞ የምትወጣ ፒካፕ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ የሞዴል ቲ መኪና ላይ የተሠራች ስትሆን ዋጋዋ 281 ዶላር ነበር። የሚገርመው በዚያው በ1925 ነው ጸሐፊው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እንደ ፒክ አፕ ላሉ፣ ትንሽ ቃል ለተቀጠለባቸው ግሶች «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን ስም በመጽሐፉ ያስተዋወቀው። መኪናዋና የሰዋስው ስሟ እኩያ ናቸው።

ስም ስትሆን ክብደቱ መጀመሪያው ላይ ነው፤ ፒክ ጠንከር፣ አፕ ላላ። አጻጻፏም አንድ ቃል ሆና ወይም በመሃል ሰረዝ ነው። ግስ ስትሆን ሁለት ቃል ሆና ትጻፋለች፤ መጨረሻ ላይ ስትወድቅ አፕ ትጠነክራለች። ሥራ ቦታ «ዊ ሃቭ ኤ ፒካፕ አት ቱ» ከተባለ በስምንት ሰዓት የሚጫን ዕቃ ወይም ሰው አለ እንጂ መኪና ገዝተዋል ማለት አይደለም።

ስድስተኛ፦ ጭራ ካላት ጭራዋን አንብቡ

«ፒክ አፕ ኦን» ከሆነ ነቃ ማለት ነው። ያልተነገረውን ከፊት ወይም ከድምፅ ተረዳ። «ሺ ፒክድ አፕ ኦን ኢት» ካሏችሁ ልጅቷ ነቅታባችኋለች።

«ፒክ አፕ አፍተር» ከሆነ ሌላው ያዝረከረከውን መሰብሰብ ነው። መናፈሻ ውስጥ «ፕሊዝ ፒክ አፕ አፍተር ዩር ዶግ» የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ። ውሻውን አቅፋችሁ ሂዱ አይደለም የሚለው። ከኋላው የጣለውን በፌስታል አንሱ ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ይሄን ስተረጉምላት «ለውሻ?» ብላ ቆማ ቀረች። ገና እስከዛሬ ታወራዋለች።

«ፒክ አፕ ዌር ዊ ሌፍት ኦፍ» ካቆምንበት እንቀጥል ነው። ረጅም ትመስላለች እንጂ ሁልጊዜ አንድ ናት፤ እንዳለች ያዟት።

ሰባተኛ፦ ደብተሩ

ደብተራችሁ ላይ «ፒክ አፕ ማለት ማንሳት፣ መውሰድ፣ መልመድ፣ መክፈል» ብላችሁ አትጻፉ። እኔ መጀመሪያ እንዲያ አድርጌ አንድም አልጠቀመኝም። የሰማችሁትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጻፉ። ከጎኑ ማን ለማን እንዳለውና የት እንደሆነ ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ አንድ የሰፈራችሁ ሰው ያንን ነገር በአማርኛ ቢለው ምን ይል እንደነበር ጻፉ፤ «በመንገድህ ወተት ይዘህ ና» እንጂ «ወተት አንሳ» አይደለም። በሳምንት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ ሕይወት ለውጡት። ወተቱን በእንቁላል፣ ቅዳሜን በማክሰኞ።

እስኪለመዳችሁ ድረስ ደግሞ አንዲት መከላከያ ያዙ። የሰማችሁትን በሌላ ቃል መልሳችሁ ጠይቁ። ማንም አይስቅባችሁም፤ እነሱም እርስ በርሳቸው ያደርጉታል።

ከዚያች ቅዳሜ ሁለት ሳምንት በኋላ አለቃዬ እንደገና በመስኮቱ ብቅ አለ። «ካን ዩ ፒክ አፕ ሰንዴይ?»

«ሶ አይ ወርክ ሰንዴይ፣ ራይት?» አልኩት።

«ራይት።»

«ኖ» አልኩት። «ቅዳሴ አለብኝ።» ይቺን በአማርኛ ነው ያልኳት።